የዳማ ኬሞ ከጋራ ሣጥን ይከፈል ወይስ አይከፈል?

ክርክር ከፋቿ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን ላልሰማ በአጭሩ ልንገር። ዳማ ከመንገድ ያነሣናት ውሻ ናት። ዕድሜዋን በጥርሷ ገምተን ሰባት ብለናል። ባለፈው ሳምንት አሳዳሪዋ አንገቷን ስታሽላት ከመንጋጋዋ ሥር ግራና ቀኝ ንፍፊት ዳበሰች። ጠጠር ያለ፣ ሲነኩት የማያማት። ከኋላ ጉልበቶቿ ጀርባም ሌላ ጥንድ ተገኘ። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ሊምፎማ ነው ተባለ፤ ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሣ ካንሰር። ኬሞ፣ ማለትም ካንሰርን የሚዋጋ የመድኃኒት ሕክምና፣ ትጀምር ከተባለ የሣጥናችንን ግማሽ ያህል ይወስዳል። ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ለብዙ ውሾች ተብሎ የተዋጣ ገንዘብ ለአንዷ ካንሰር ይውላል? ሐሳብ እንጂ ስድብ አልፈልግም።

ሒሳብ ያዥ፦
መቼም አንድ ሰው ክፉ መሆን ስላለበት እኔ ልሁን። አይውልም። ሣጥኑን ስንከፍት ለክትባትና ለማምከን ነው ያልነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ከመቶው 99ኙ ከውሻ የመጣ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል። ይህን ለሰው ሁሉ ስንሰብክ የኖርነው እኛው ነን። አሁን ለአንድ ውሻ ብለን የስንቱን ክትባት እንተው? ዳማን እወዳታለሁ፤ ጫማዬን በልታብኝ እንኳ አልተቀየምኳትም። ግን ሊምፎማ ለጊዜው ይደበቃል እንጂ አይድንም። ለማይድን ነገር የሰው አደራ አልከፍልም።

የዳማ አሳዳሪ፦
ወንድሜ፣ "አይድንም" የምትለው ቃል እንዴት ቀለለችህ! እኔ ዘንድ ስትመጣ ሦስት ወር ሙሉ ፊቴን ሳላዞርላት እህል አልቀመሰችም። ሳህኑን አስቀምጬ ግድግዳ አያለሁ፤ ያኔ ቀስ ብላ መጥታ ትበላለች። መጀመሪያ ጆሮዋን ያስነካችኝ ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር። አሁን እግሬ ላይ ተኝታ ታንኮራፋለች። ሰው ካመነች ገና ስድስት ወሯ ነው። የምለምነው አሥር ዓመት አይደለም። ትንሽ ይጨመርላት ነው።

ሌላም ነገር አለኝ። አንድ ሰው "እስክትወስኑ ፕሬድኒሶሎን ስጫት፣ ንፍፊቱን ያጠፋዋል" አለኝ። ዶክተር፣ ልስጣት?

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ቆይ፣ እንዳትሰጫት! ፕሬድኒሶሎን ብቻውን ቀድሞ ከተጀመረ እውነት ነው ንፍፊቱ ይሟሽሻል፤ ነገር ግን ካንሰሩ መድኃኒት ይለምድና በኋላ ኬሞው በደንብ አይሠራም። መጀመሪያ ይወሰን።

ስለ ሕክምናው እውነቱን ልንገራችሁ። ካልታከመች አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። የተለመደው ሕክምና አራት መድኃኒት ያቀናጃል፦ ቪንክሪስቲን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ዶክሶሩቢሲንና ፕሬድኒሶሎን። አምስት ስድስት ወር ይፈጃል። ከታከሙት ውሾች ከ80 እስከ 90 በመቶው በሽታው ሙሉ በሙሉ የጠፋ እስኪመስል ይሻላቸዋል። ከዚያ ይመለሳል። ካንሰሩ የተነሣው ቢ ከሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ከሆነ በአማካይ አንድ ዓመት ገደማ ይኖራሉ፤ ቲ ከሚባለው ከሆነ ያንሳል። የዳማ የትኛው እንደሆነ ገና አልተመረመረም። ይህን ሳታውቁ ነው የምትጣሉት።

ደግሞ የሰው ኬሞ በዓይናችሁ አይምጣ። ለውሻ የሚሰጠው መጠን ሆን ተብሎ ዝቅ ያለ ነው፤ ዓላማው በደህና ማኖር ስለሆነ። አብዛኞቹ ፀጉራቸው አይረግፍም፤ ጢማቸው ግን ይሄዳል። አንድ ሁለት ቀን ሊያቅለሸልሻት፣ ሊያስቀምጣት ይችላል። የምንፈራው ከመርፌው በኋላ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ያለውን ነው፤ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ያኔ ሙቀቷ ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ይደወላል።

ጥቁሬን ያጣሁት፦
ዶክተር፣ ቁጥሩ ልክ ነው። እኔም ይኸንኑ ሰምቼ ነው የገባሁበት። ጥቁሬም እንደ ዳማ ከመንገድ የተነሣ፣ እንደ ዳማ ሊምፎማ። ስምንት ወር ኖረ። ለጠየቀኝ ሁሉ "ኬሞው ሠራለት" እላለሁ።

ያላወራሁትን እዚህ ላውራ። ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ማሰሪያውን ከመስቀያው ሳነሣ ድምፁን ሰምቶ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ጎትቼ አወጣዋለሁ። ያ ውሻ ከእኔ በፊት እጅ ማለት ዱላ ነበር ለእሱ። እጅ ደግ ነው ብዬ ሁለት ዓመት አስተማርኩት። ከዚያ በየሳምንቱ በዚሁ እጄ ጠረጴዛ ላይ ተጭኜ ያዝኩት። ቪንክሪስቲን ከደም ሥር ካመለጠ ሥጋ ያቆስላል፤ ስለዚህ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሁለት ሰው ይይዘዋል። እሱ ጭራውን ሆዱ ሥር ወትፎ እኔን ያየኛል። ሌላ ውሻ ቢሆን ነርሷን ልሶ ይመለስ ይሆናል፤ እንደዚያ ያሉ ብዙ አይቻለሁ። እሱ ግን አልነበረም።

ስለዚህ እህቴ፣ ስለ ገንዘቡ አልከራከርሽም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ዳማ ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ ምን ታደርጋለች?

የዳማ አሳዳሪ፦
ለናሙናው ስንሄድ ተሸክሜ ነው ያስገባኋት። ሸናችብኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
የጥቁሬ ታሪክ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ዛሬ ከቤት ሳትወጣ የሚሰጥ የሚያረጋጋ ክኒን አለ። ተራዋን መኪና ውስጥ ሆና ብትጠብቅ፣ ከሌሎች ውሾች ጩኸት ብትርቅ ብዙ ይለወጣል። ካልተለወጠ ማቆም ይቻላል። ኬሞ ከጀመሩት የማይወርዱበት ባቡር አይደለም።

አሊስ ቪላሎቦስ የምትባል የእንስሳት ካንሰር ሐኪም በ2004 ያወጣችው መመዘኛ አለ። ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ ሕመሟ፣ መብላቷ፣ ውኃዋ፣ ንጽሕናዋ፣ ደስታዋ፣ መንቀሳቀሷ፣ በመጨረሻም ደህና ቀኖቿ ከክፉ ቀኖቿ መብለጣቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ትሰጫለሽ። እኔ ለሰው የምመክረው ከዚህም ቀላል ነው፤ ግድግዳ ላይ ቀን መቁጠሪያ ስቀይና ማታ ማታ ምልክት አድርጊ። ሰው ሲወድ ማስታወስ ይሳነዋል።

የማምከን ዘመቻ አስተባባሪ፦
እኔ የሒሳብ ያዡ ወገን መሆን የነበረብኝ ሰው ነኝ፤ ማምከን ሥራዬ ነው። ግን "ካንሰር ከሣጥኑ አይከፈልም" የሚል ደንብ እንዳታወጡ። እንዲህ ዓይነት ደንብ ስንት ውሻ እንደፈጀ አውቃለሁ። አንዲት ነበረች፤ ከብልቷ ደም ይንጠባጠባል፣ እንደ አበባ ጎመን የፈነዳ ዕጢ ይታያል። ያያት ሁሉ ካንሰር ነው፣ በመርፌ ትረፍ አለ። አረፈች። በኋላ ሳስበው ያ በግንኙነት የሚተላለፈው ዕጢ ነበር ማለት ይቻላል። የመንገድ ውሻ በሽታ ነው እኮ! ዶክተር ያርሙኝ፤ በሳምንት አንድ መርፌ ቪንክሪስቲን፣ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ያህል፣ ከመቶው ከ90 በላይ ይድናል። ያውም ለዘለቄታው።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
የማርመው ነገር የለም። እንዲያውም ጉደኛ ካንሰር ነው። ሲጋቡ፣ ሲላላሱ ወይም ሲሻተቱ ሴሉ ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ ይሻገራል። ዛሬ በየአገሩ ያሉት ዕጢዎች ሁሉ ከሺህ ዓመታት በፊት ከኖረ ከአንድ ውሻ የወረዱ ናቸው። ውሻው ሞቷል፤ ካንሰሩ ግን አሁንም ይዞራል። ለማንኛውም "ካንሰር" የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይወስንም። የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ሒሳብ ያዥ፦
ይኼ አሳመነኝ፤ እሱን እቀበላለሁ። የሚተላለፈው ዕጢ ከሣጥኑ ይከፈል። መርፌው ትንሽ ነው፣ ይድናል፣ ሌሎቹንም እንዳይዝ ያደርጋል። ክትባት በሉት። ሊምፎማ ላይ ግን ንቅንቅ አልልም። የሚወዳት ለብቻዋ መዋጮ ይክፈትላት፤ እኔም ከኪሴ አዋጣለሁ።

አንድ አባት፦
ልጆች፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ልናገር። ሰው ለ"ማምከን" ገንዘብ አያወጣም። ፊት ሲያይ ነው የሚያወጣ። የዳማን ፎቶ አድርጉ፤ ሣጥናችሁ ራሱ ይሞላል። ከተረፈው ስንቱን ትከትቡበታላችሁ።

ሒሳብ ያዥ፦
ጋሼ፣ እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ዳማ ዓይኗ ያምራል፤ ይሰበሰብላታል። ባለፈው ወር ያመጣነው እከካም፣ አንድ ዓይና፣ ሰው ሲቀርበው የሚያጉረመርመው ውሻ ካንሰር ቢይዘው ማን ፎቶውን ይለጥፋል? ሣጥን ያስፈለገን እኮ መልክ እንዳንመርጥ ነው። ለዳማ ብለው የሰጡትን ለሌላ ማዋልም ሌላ አደራ መብላት ነው።

ክርክር ከፋቿ፦
ለዚህ መልስ የለኝም፤ የእውነት። የኔን ሐሳብ ልበልና ድምፅ እንስጥ። የዓይነት ምርመራው ብቻ ከሣጥኑ ይከፈል። ውጤቱ ቢ ከሆነ ለዳማ የተለየ መዋጮ ይከፈት፣ የተረፈው ወዴት እንደሚሄድም ከመጀመሪያው ይጻፍ። አራት መርፌ ታይታ፣ ቀን መቁጠሪያው ከከፋ ያለ ጭቅጭቅ ይቆም። ከተቃወመ ሰው ጋር አልጣላም።

ጥቁሬን ያጣሁት፦
ድምፄ ይሁን ነው። የማቆሙን ቀን ግን አሳዳሪዋ ብቻዋን አትወስን። እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

የዳማ አሳዳሪ፦
እሺ። እኔም እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ጨንቆኛል። መድኃኒቱ በሽንቷ ይወጣል አሉኝ። ልጄ ገና ይድኻል፤ ወለሉን ሁሉ ይዳብሳል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ከመርፌው በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን ያለ ጓንት አትንኪ። ደጅ አውጥተሽ ልጁ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን። ቶሎ ቶሎ አውጫት፤ ሳይክሎፎስፋማይድ ፊኛ ውስጥ ከቆየ ያቆስላታል፣ ፕሬድኒሶሎኑም ውኃ ያስጠማታል። ቤት ውስጥ ካመለጣት በጓንት ጠርገሽ በሳሙና እጠቢው። ልጁን በዚያ ሦስት ቀን ከእሷ መኝታ አርቂው። እርጉዝ ሴትም አትጥረግ።

የዳማ አሳዳሪ፦
ጓንት ማን ጋ አለ?

ሒሳብ ያዥ፦
እኔ ጋ አንድ ካርቶን አለ፤ ከክትባቱ ዘመቻ የተረፈ። ነገ መጥተሽ ውሰጂ። ስንት እንደወሰድሽ ግን እመዘግባለሁ።