ለሜዳ ትሪክ የሚሆን ስኖውቦርድ፦ ለዴንቨርና ለአውሮራ ልጆች ጥቆማ

ለጥ ባለ በረዶ ላይ መሽከርከር፣ በቦርዱ አፍንጫ ወይም ጭራ ብቻ መንሸራተት ደስ የሚላችሁ ከሆነ ከብራንዱም ከቀለሙም በፊት ፍሌክሱን እዩ። ቦርዱ ስትጫኑት ምን ያህል ይጎብጣል? ስትለቁትስ ምን ያህል መልሶ ያስፈነጥራል?

«ለትሪክ ከሆነ በጣም ለስላሳውን ውሰድ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። በጣም ለስላሳ ቦርድ ቶሎ ይጎብጣል፣ ግን ጉልበት የለውም። ኦሊ (በጭራው ተፈናጥሮ መዝለል) ስትዘሉ ሁሉንም ከእግራችሁ ታወጣላችሁ፤ ፈጠን ስትሉም ይንቀጠቀጣል። ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ ከ3 እስከ 5 ያለው ይሻላል፣ ለብዙ ሰው 4 ልክ ነው። ችግሩ ቁጥሩ የጋራ ደረጃ የለውም። የአንዱ ኩባንያ 4 የሌላው 6 ሊሆን ይችላል። ክብደታችሁም ይወስናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ድርቅ ያለው ቦርድ 90 ኪሎ ሰው ሲቆምበት እንደ ልብ ይለመጣል። ስለዚህ በኩባንያው የክብደት ሰንጠረዥ ላይ መሃል አካባቢ መሆናችሁን አረጋግጡ።

ሱቅ ውስጥ ጭራውን ምንጣፍ ላይ አቁሙት። በአንድ እጅ አፍንጫውን ያዙ፣ በሌላው መሃሉን ግፉት። ከዚያ ጠምዝዙት። በመጠኑ የሚጠመዘዝ ቦርድ ለበተር፣ ማለትም አፍንጫውን ወይም ጭራውን ተጭኖ በረዶው ላይ ለመሽከርከር፣ በጣም ይመቻል።

ከሞዴሎቹ የእኔ ቀዳሚ ምርጫ ባታሊዮን ኢቭል ትዊን ነው። ካምበር (መሃሉ ወደ ላይ የጎበጠ) ስለሆነ ያስፈነጥራል፤ የአፍንጫውና የጭራው ጎኖች ወደ ላይ ከፍ ስላሉ ደግሞ ስትዞሩ ኤጁ (የቦርዱ ጠርዝ) በረዶ ቶሎ አይነክስም። ፕረስ (ክብደትን አፍንጫው ወይም ጭራው ላይ ጥሎ መንሸራተት) ገና ለሚጀምር ሊብ ቴክ ስኬት ባናና ይቀላል፤ በእግሮቻችሁ መካከል ሮከር ነው፣ ማለትም የካምበር ተቃራኒ፣ ወደ ታች የጎበጠ። ዝላዩ ላይ ግን ካምበርን አያህልም። ክብደቱ ቀለል ላለ ሰው ካፒታ ሆረርስኮፕ ጥሩ ነው። ተራራውንም በደንብ መውረድ ከፈለጋችሁ በርተን ፕሮሰስ። ኔቨር ሰመር ደግሞ የዚሁ የዴንቨር ቦርድ ሠሪ ኩባንያ ነው። ብዙዎቹ ቦርዶቹ በእግሮች መካከል ሮከር፣ ከእግር ስር ካምበር አላቸው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን አሠራሩ ያምራል።

የሚገዛበት ቦታ? ኢቮ ዴንቨርንና ክሪስቲ ስፖርትስን አወዳድሩ። አርኢአይ አባል ለሆነ ሰው እስከ አንድ ዓመት መመለስ ይፈቅዳል። ስትከራዩ «ዴሞ» ብላችሁ ጠይቁ። ተራ ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ የጀማሪ ቦርድ ነው፤ ዴሞ ግን ልትገዙት ያሰባችሁትን ሞዴል ራሱን ያስሞክራችኋል። ከገዛችሁ የዴሞውን ክፍያ ከዋጋው የሚቀንሱ ሱቆችም አሉ፣ ጠይቁ።

ቡቱንም አትርሱ። ድርቅ ያለ ቡትና ባይንዲንግ (ቡቱን ከቦርዱ ጋር የሚያስረው) ካደረጋችሁ የለስላሳው ቦርድ ጥቅም ግማሹ ይጠፋል።

ለልምምድ ላቭላንድ ቫሊ የሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ረጋ ያለ ነው። ገንዘብ ካጠረ ከተማው ውስጥ ሩቢ ሂል ፓርክ አለ፣ በረዶ ሲኖር በነፃ ነው። ሊፍት የለውም፣ ቦርዱን ተሸክሞ መውጣት ነው። የአምናውን ሞዴል በቅናሽ የምትፈልጉ ከሆነ የበረዶው ወቅት ሊያልቅ ሲል፣ በፈረንጆቹ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ሱቆቹን ዞር ዞር እያላችሁ እዩ።