ስሜን ተራሮች ላይ ፎቶ የተነሳ ቁራ፦ መንቁሩ ታሟል ወይስ ተፈጥሮው ነው?

ጥያቄ፦ ሳንቃበር አካባቢ ፎቶ ያነሳሁት ቁራ መንቁሩ ከጭንቅላቱ ይረዝማል፤ ላዩ ጎበጥ ብሎ ጫፉ ነጭ ነው። ያለኝ ከጎን የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ ነው። መንቁሩ ከጎን ሲያዩት ግዙፍ፣ ከፊት ሲያዩት ግን ጠበብ ያለ ነው። ነጩ ጫፍ ተፈጥሮው ነው። ማጅራቱን አጉልተው ይዩ፤ እዚያም ነጭ ካለ ጉዳዩ አለቀ።

ሌላ መልስ፦ ሕመም ቢሆን የላይኛውና የታችኛው ጫፍ አይገጥሙም፤ አንዱ ይረዝማል ወይም ይቆላለፋሉ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አላስካ ውስጥ በባለ ጥቁር ቆብ ቺካዲ፣ በአንዲት ትንሽ ወፍ፣ ላይ የታየው ይህ ነው፤ ኬራቲኑ (የመንቁሩ ጠንካራ ሽፋን) ያለ ልክ ያድጋል፣ ፖኤሲቫይረስ የተባለ ቫይረስም ከዚሁ ጋር ተያይዟል። ግን በአንድ ፎቶ አይፈረድም። የያዘው ምግብ፣ የደረቀ ጭቃ፣ የክንፍ ላባ እንኳ መንቁር መስሎ ይታያል። በተከታታይ ያንሱ፤ በሁሉም ፎቶ ቅርጹ ያው ከሆነ የመንቁሩ እውነተኛ ቅርጽ ነው።

ሦስተኛ፦ ጥቁር ወፍ ለማሳየት ብርሃን ሲጨምሩ ነጩ ጫፍ ፎቶው ላይ ይቃጠላል (ዝርዝር የሌለው ነጭ ይሆናል)፣ ጠርዙም ይጠፋል። በሮው (RAW፣ ካሜራው ያልተቀነባበረ መረጃ በሚያስቀምጥበት) ፎርማት ያንሱ፤ ሲለጥፉም ኦሪጅናሉን፣ ሳይቆረጥ።