የአባዬ ሲቲ ስካን «ካንሰር ወይም ቲቢ» ይላል፤ እንዴት ነው የሚለየው?

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ 64 ዓመቱ ነው። ቀኝ ጎኑን ሲወጋው ሁለት ወር ሆነው። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ራጅ ተነስቶ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል ተባለ። ከዚያ ሜክሲኮ አካባቢ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ ያለ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቀው መርፌ)። ወረቀቱ «የቀኝ ሳንባ ሽፋን ወፍሯል፤ ካንሰር ወይም ቲቢ ሊሆን ይችላል» ይላል። ማታ አምስት ጊዜ አነበብኩት። ውጭ ያለው አጎቴ ደግሞ «ፔት ስካን ካልተነሳ አይታወቅም» ይላል። በምስል ብቻ መለየት ይቻላል? ወይስ የቲቢ መድኃኒት ይጀምር?

መልስ (ራዲዮሎጂ የምማር)
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሲቲ ላይ አራት ነገር እናያለን። የወፈረው ሽፋን ሳንባውን ዙሪያውን ከቦታል ወይ? ጉብ ጉብ ያለ ነው ወይስ ለስላሳ? ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? በልብ በኩል ያለውን ሽፋንም ይዟል? እነዚህ ሲታዩ ወደ ካንሰር ያደላል። ለስላሳ ሆኖ ካልሲየም ከያዘ ብዙ ጊዜ የድሮ ቲቢ ወይም የመግል ጠባሳ ነው።

«ያደላል» ያልኩት በምክንያት ነው። እነዚህን ምልክቶች የፈተሸው እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት 74 ሰዎችን ነው ያየው። ካንሰር ከነበረባቸው 39 ሰዎች በምልክቶቹ የተያዙት 28 ናቸው። 11ዱ አምልጠዋል። ምልክቱ አልታየም ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ውፍረቱ ስንት ይላል?

ጠያቂዋ
14 ሚሊ ሜትር። በልብ በኩል ስላለው ምንም አልተጻፈም።

መልስ (ሲቲ ክፍል የምሠራ)
ያለ ኮንትራስት ውሃውና የወፈረው ሽፋን ተመሳስለው ግራጫ ይሆናሉ። ኮንትራስት በደም ሥር ሲሰጥ ሽፋኑ ይደምቃል፣ ውሃው እንዳለ ይቀራል። ያን ጊዜ ጉብታው ይለያል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ለሳንባ ሽፋን ከተወጋ በኋላ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚነሳው። የሳንባ ደም ሥር ለማየት እንደሚደረገው ቶሎ ከተነሳ ሽፋኑ ገና አልደመቀም። ስለዚህ ማዘዣው ላይ «ለፕሉራ» (ለሳንባ ሽፋን ማለት ነው) ተብሎ ይጻፍ። የክሬቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። አባትሽ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወይም አለርጂ ካለባቸው አስቀድመሽ ተናገሪ። ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ፤ ሲዲውንም ተቀበዪ። የመጀመሪያውንም ጭምር።

መልስ (እናቴን ያስታመምኩ፣ ፒያሳ)
የኔም እናት ወረቀት ቃል በቃል እንደዚህ ነበር። ውሃው ሁለቴ ተቀድቶ ምንም አልተገኘበትም። በኋላ ሐኪሙ አልትራሳውንድ እያየ ከወፈረው ቦታ ናሙና ወሰደ። ስክሪኑን ወደኔ አዞረልኝ፤ መርፌዋ እንደ ነጭ ክር ስትገባ አየሁ። ውጤቱ ቲቢ ሆነ። 6 ወር መድኃኒቷን ጨረሰች። አሁን ሥላሴን ለመሳለም አራት ኪሎ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። አባትሽም ይህ ይሁንላቸው።

መልስ (ራዲዮሎጂ የምማር)
ስለ ፔት ስካን፦ የሚያሳየው ስኳር በብዛት የሚወስድ ቦታን ነው። ካንሰር ይበራል፣ ቲቢም ይበራል። ቲቢ በበዛበት አገራችን ፔት ናሙናን አይተካም። ገንዘባችሁን ለዚያ አታውጡ።

ናሙናውም በምስል እየታየ ይወሰድ። እ.ኤ.አ. በ2003 በ50 ሰዎች ላይ በታተመ ጥናት ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ሳይታይ በሚወጋው መርፌ የተገኘላቸው 47 በመቶው ነበሩ፤ በሲቲ እየታየ ሲወሰድ ግን 87 በመቶ። የቲቢ መድኃኒት በግምት አይጀመርም። ካንሰር ከሆነ ወራት ይባክናሉ። ሐኪሙ ከውሃው ምርመራ የቲቢ ማስረጃ ካገኘ ግን ሌላ ነገር ነው። ትንፋሹ ከባሰባቸው ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነገ ጠዋት ክሬቲኒን ይሠራል፣ ሲዲውንም ሄጄ እቀበላለሁ። ሐሙስ ሐኪሙን ስለ ናሙናው እጠይቀዋለሁ። አጎቴንም አሁን ልደውልለት ነው።