ትምህርት ቤቱ አማርኛውን ተዉት ይለናል፤ ልጄን ደሴ ልላከው?

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የተወለደው እዚሁ ነው። ተረት ሲነበብለት ከታላቅ እህቱ ቀድሞ ይገባዋል፤ ራሱ ሲያነብ ግን ትናንት ያወቀው ቃል ዛሬ አዲስ ይሆንበታል። ዓይኑንም ጆሮውንም አስመርምረናል፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። መምህርቱ ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር ብናቆም ይሻላል አለችን። ባለቤቴ ደግሞ እናቴ ዘንድ፣ ደሴ ሸዋ በር፣ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ፊደል ቢቆጥር ይስተካከላል ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከደሴ

እህቴ፣ ሁለቱንም ምክር አልቀበልም። እዚህ ደሴ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አያቶች ከውጭ የመጡ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ።

የገለጽሽው ዲስሌክሲያ የሚባለውን የንባብ ችግር ይመስላል፤ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን ባለሙያ ነው። ድምፁ ጆሮ ውስጥ በደህና ይገባል፤ የሚያስቸግረው አእምሮ የቃሉን ድምፆች ለይቶ የሚይዝበት ሥራ ነው። ማንበብ የሚጀምር ልጅ ቃሉን ወደ ድምፆቹ ነጣጥሎ እያንዳንዱን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ያስራል። ይህ ከጠበቀ ቃሉ ጥቂት ጊዜ ከታየ በኋላ በአንድ እይታ ይነበባል። ድምፆቹ የተደበላለቁበት ልጅ ግን የሚያስረው ጫፍ አያገኝም፤ ስለዚህ ቃሉ በየቀኑ አዲስ ነው። ስንፍና አይደለም፣ የአእምሮ ማነስም አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1896 ማንበብ ስላቃተው የ14 ዓመት ልጅ ሲጽፍ፣ ልጁ ብሩህ መሆኑን ገልጾ ነበር።

አዲስ ቃል መያዝም እንዲሁ ነው። ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ቴርሞሜትር ምን እንደሚሠራ ከሁሉም አብልጦ አስረዳኝ፤ ስሙን ግን «ቴሞርሜትር» እያለ ብዙ ጊዜ ቆየ። ትርጉሙ ፈጥኖ ገባው፤ የድምፆቹ ቅደም ተከተል ነው የዘገየበት። ባለሙያዎች ሲመረምሩ ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላትን የሚያስደግሙት ለዚህ ነው፤ ልጁ በትርጉም መደገፍ ስለማይችል ድምፅ የመያዝ አቅሙ ብቻውን ይታያል።

ደሴ ቢመጣስ? እንግሊዝኛ በ26 ፊደላት 44 ያህል ድምፆችን ይጽፋል፤ አንዱ ፊደል በየቃሉ ድምፁን ይለዋውጣል። የእኛ 33 ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ ብዙ ናቸው፤ ግን ድምፃቸውን እምብዛም አይለውጡም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ በአማርኛ ሲያነብ የሚሳሳተው ጥቂት ነው፤ ይልቁንም ይዘገያል። ፊደል በፊደል እየለቀመ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ቋንቋ መቀየር ከዚህ አያወጣውም።

ፊደላችን ግን ይጠቅመዋል። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ሲል ተነባቢው ጸንቶ አናባቢው ብቻ ሲለወጥ በዓይኑ ያያል። እንግሊዝኛ የሚጠይቀውም ይህንኑ፣ አንዱን ድምፅ ከሌላው መለየትን ነው። አስቸጋሪው ልጆች ረድፉን በዜማ መሸምደዳቸው ነው፤ «ሊ»ን ለብቻዋ ስታሳያቸው ከ«ለ» ካልጀመሩ አያውቋትም። የቄስ ትምህርት ቤት ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ማስጠናቱን የማደንቀው በዚህ ምክንያት ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ተነባቢውም አናባቢውም በየእርምጃው ስለሚለወጥ ሽምደዳው ይፈርሳል፤ ልጁ እያንዳንዱን ቅርጽ የግድ ያያል።

ሌላው የወፍ ቋንቋ ነው። ልጆች ሆነን ምሥጢር ስንደብቅ፣ ከእያንዳንዱ ቀለም በኋላ «ዘ»ን በዚያው አናባቢ እየጨመርን «ቡና»ን «ቡዙናዛ»፣ «ደሴ»ን «ደዘሴዜ» እንል ነበር። ለዚህ ጨዋታ ቃሉን መሰንጠቅ፣ አናባቢውን መለየት፣ አዲስ ድምፅ ማስገባት ያስፈልጋል፤ የንባብ ባለሙያዎች ከሚያሠሩት ልምምድ ብዙም አይርቅም። እናትሽ በስልክ ታጫውተው። ባለሁለት ቀለም ቃላት ይቅደሙ፤ ሲደክመው ይቁም። ግጥም ስትነግረውም ቤት የሚመታውን ቃል እሱ ይሙላው።

አማርኛውን አታቋርጡ። ሁለት ቋንቋ መናገር ዲስሌክሲያን አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በስፓኒሽ ድምፆችን መነጣጠል የሚችሉ ልጆች የእንግሊዝኛ ቃላትን በማንበብም የተሻሉ ነበሩ። አማርኛው ቢቀር ልጅሽ የሚያጣው አያቱን ነው።

ሁለት ዓመት እዚህ ማቆየቱን አልደግፍም፤ ክፍሎቻችን የተጨናነቁ ናቸው፤ እዚያ የሚያገኘውን ድጋፍ እኔ ልሰጠው አልችልም። ለክረምት ግን ይምጣ። ሲመጣም በዘመድ ፊት «እስቲ አንብብልን» እንዳይባል እናትሽን አደራ በያት። ቡና ላይ በተሰበሰበ ጎረቤት መካከል መጽሐፍ የተሰጠው ልጅ ክረምቱን ሙሉ መጽሐፍ አይነካም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መምህሩ ባሉት ላይ የወረቀቱን ጉዳይ ልጨምር፤ በሁለተኛው ልጃችን አልፈንበታል። የንባብ ችግሩ እንዲመረመር ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቀን ጻፊበት፤ ቅጂውን ያዢ። አይ.ዲ.ኢ.ኤ. በሚባለው የፌዴራል የልዩ ትምህርት ሕግ ምርመራው በነጻ ነው፤ ፈቃድሽን ከሰጠሽ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መካሄድ አለበት። ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ገደብ ማውጣት ስለሚችሉ የቨርጂኒያን አጣሪ። አማርኛውም ከግምት እንዲገባ ጠይቂ። በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ይገባሻል፤ ታላቅ እህቱን አታስተርጉሚያት፤ ስለ ወንድሟ የሚባለውን ሁሉ መሸከም የለባትም።

ድጋፉ ሲመጣ ደግሞ ምን እንደሚያስተምሩት ጠይቂ። ሥዕል እያየ ቃሉን እንዲገምት የሚያደርጉት ከሆነ አትቀበይ። የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሪፖርት ድምፅና ፊደልን በግልጽ፣ በቅደም ተከተል ማስተማር እንደሚረዳ አስታውቋል። ይህንን ጥቀሺላቸው።

ከአሌክሳንድሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። መምህር፣ እናቴ የወፍ ቋንቋ አትችልም፤ ልጆች ሆነን የምንደብቀው ከእሷ ነበር። ኮምቦልቻ ያለው ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ደሴ ስለሚወጣ እሱ ያስተምራታል። የአቡጊዳውን ገበታ ከየት እንደሚገዛ ቢነግሩት፣ አንዱን ለእሷ ትቶ አንዱን ይልክልኛል።