አባቴ ከሬዲዮ የቀዱት ካሴት፦ ላጽዳው ወይስ እንዳለ ልተወው?

የናዝሬት ልጅ (አዳማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከተማችን ገና ናዝሬት እየተባለች በምትጠራበት ዘመን፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ቴፓቸውን ከሬዲዮው አስጠግተው በካሴት ይቀዱ ነበር። ከእነዚያ ካሴቶች ሦስቱ ባለፈው ወር ከእናቴ ሳጥን ውስጥ ወጡ። አንዱን በጎረቤት ቴፕ ሰማሁት። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ከበስተኋላ ቡና የሚወቀጥበት ሙቀጫ ይሰማል፤ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «እስቲ አንድ ጊዜ ቆዪ» ሲሉ ሙቀጫው ጸጥ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም የጋሪ ፈረስ ኮቴ በደጃችን ያልፋል። ዐይናቸው ለደከመው እናቴ ላሰማቸው እፈልጋለሁ። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ጫጫታውን በሙሉ አጥፍቶ ጥርት አድርጎ እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል። ይጽዳ ትላላችሁ? አሮጌው ቴፕ ካሴቱን እንዳይበላውስ ምን ላድርግ?

ጡረተኛው መምህር (አዳማ)፦
ወንድሜ፣ እባክዎ አያስጠፉት። የወጋየሁን ትረካ ጥርት ብሎ መስማት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ያገኘዋል፤ የአባትዎን «እስቲ አንድ ጊዜ ቆዪ» ግን ከእርስዎ ካሴት በቀር የትም አያገኘውም። በእኛ ሰፈር ሬዲዮ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ስለነበር፣ በዚያ ሙቀት መስኮቱ ተከፍቶ እኛ ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረን እናዳምጥ ነበር። የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ባለቤትየው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ትረካው እስኪጀምር ድረስ ነፍስ ይዘራ እንደሆነ ሁላችንም በስጋት እንጠብቃለን። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ስለነበር ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሳን፣ ሰብለ ወንጌልን በየራሳቸው ድምፅ ያመጣቸው ነበር። መጽሐፉን ሳነብ እስከ ዛሬ የምሰማው የእሱን ድምፅ ነው።

ቴፕ ጠጋኝ (አዳማ)፦
ከመጫወትዎ በፊት ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ያጠንጥኑትና መልሰው ያጠንጥኑት፤ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃልና። ክሩን ከቴፑ ጭንቅላት ጋር የሚያስነካውን ትንሽ ስፖንጅ ይመልከቱ፤ ሙጫው ደርቆ ከወደቀ ድምፁ ይታፈናል። የቴፑን ጭንቅላትና የጎማ ተሽከርካሪውን በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉ። ካሴት የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ የቆሸሸ ወይም የደረቀ ጎማ ነው። ካሴትዎ የ90 ደቂቃ ከሆነ ክሩ ከ60ው የቀጠነ ስለሆነ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያስሮጡ አይፈልጉበት። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር አስገብተው፣ ፋይሉን ለማሳነስ ሳይጨመቅ ሙሉውን ይቅዱት። ድምፁ እየራቀ እየቀረበ የሚሰማበት ቦታ ካለ ካሴቱ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። በአጭር ሞገድ ወይም ከመሸ በኋላ በመካከለኛ ሞገድ የተቀዳ ከሆነ፣ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድ እንዲህ ያለውን መዋዠቅ ያመጣል፤ የሌላ አገር ጣቢያም ሊቀላቀልበት ይችላል።

የቴሌቪዥን ትውልድ (አዳማ)፦
እኔ ሁለት ቅጂ ይኑር ባይ ነኝ፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ለልጆች በመጠኑ የጸዳ። ነገር ግን ዋናውን የሚነካ እጅ አይኑር። እኔ ያደግሁት ከጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ አባባ ተስፋዬን በማየት ነው። በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጋር አብረው ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የተረኩ ሰው ናቸው። ተረቱን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ በዚያ ቤት አብረን ስንስቅ የነበረውን ሳቅ ግን የቀዳልን አልነበረም። እርስዎ ያንን አግኝተዋል።

የናዝሬት ልጅ (አዳማ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ቴፑን እንደተባልኩት ጠርጌ፣ አንዱን ካሴት ምንም ሳልነካካ ቀዳሁት፤ ትናንት ማታም ለእናቴ ከፈትኩላቸው። አባቴ ሲናገሩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ቆየት ብለው ወደ ሙቀጫው እንድመልሰው አዘዙኝ። ሁለት ጊዜ ካዳመጡ በኋላ፣ «ይኼማ የብረቱ ነው፤ የእንጨቱ ተሰንጥቆ ይህን የገዛነው እህትህ ከተወለደች በኋላ ነው» አሉኝ። ካሴቶቹ ላይ ቀን ስላልተጻፈ፣ የሁለተኛውን ካሴት የሙቀጫ ድምፅ ሰምተው ከዚህኛው ይቅደም ወይም ይከተል እንዲነግሩኝ ነገ አብረን እንሰማዋለን።