የጥር ጉዞ ዕቅድ፦ ለጥልቅ በረዶ የምንጠይቀው ቦርድ የቱ ይሁን?

ከዚራ (ሰብሳቢ)
ሰላም የድሬ ልጆች። ሶልት ሌክ ሲቲ ያለው ልጃችን ሁለቱን አሠልጣኞቻችንን በጥር ቤቱ ሊያሳርፍ ተስማምቷል። ቲኬቱን ውጭ ያሉ አባሎች እያዋጡ ነው። የቀረው የዕቃው ጉዳይ ነው። ለነሱ የሚላክ አንድ የጋራ ጥያቄ እዚሁ እንጻፍ። ድሬዳዋ ተቀምጦ የበረዶ ቦርድ የሚጠይቅ የስኬትቦርድ ክበብ ሲያዩ መሳቃቸው አይቀርም። ስለዚህ የምንፈልገውን እንደምናውቅ ጽሑፉ ራሱ ያሳይ። መነሻ ረቂቄ ይኸውና፦

«ጥልቅ በረዶ ላይ የሚያስኬድ፣ ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ 160 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው አንድ ስኖውቦርድ እንዲገዛልን እንጠይቃለን።»

ቀንሱ፣ ጨምሩ፣ አርሙ። እስከ እሑድ ማታ ጊዜ አለን።

ሳቢያን
አቦ! 160 ከየት መጣ? ከሁለቱ አሠልጣኞች ልጅቷ 52 ኪሎ ናት እኮ። ልጁ 74። ቦርድ መጀመሪያ የሚመረጠው በክብደት ነው። «አገጭ ጋ ይድረስ» የሚባለው የድሮ ግምት ነው። አምራቾቹ ለየርዝመቱ ስንት ኪሎ ሰው እንደሚስማማ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። እሱን ሳናይ ቁጥር አንጻፍ። 160 ለሷ በር ተሸክሞ እንደመውረድ ነው።

ለገሀሬ
ርዝመቱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። የተሰነጠቀው ጅራት ግን ይቅር እንዳትሉ። ሲያዩት ብቻ ደስ ይላል።

መጋላ (ገንዘብ ያዥ)
ደስ የሚለው ነገር ዋጋ አለው። ስንት ነው?

ሶልት ሌክ
ሰላም ነው ሁላችሁ? ትንሽ ላስረዝም ነው፣ ታገሡኝ። መጀመሪያ ለምን ልዩ ቦርድ እንደሚያስፈልግ ልናገር።

አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ፣ አንድ ሜትር ኩቡ ቢመዝን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው። ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። አብዛኛው አየር ነው ማለት ነው። ማሽን በደለደለው መንገድ ላይ ማንኛውም ቦርድ ይሄዳል። እዚህ ግን ይሰመጣል። የተለመደው ቦርድ ሁለት ጫፉ እኩል ነው፤ እግርም የሚታሰረው ከመሃል እኩል ርቀት ላይ ነው። እሱን ይዛችሁ ፓውደር (እንዲህ ያለውን አዲስ በረዶ ነው የሚሉት) ውስጥ ስትገቡ አፍንጫው ይቀበርና በፊታችሁ ይደፋችኋል። እንዳይቀበር ብላችሁ ወደ ኋላ ትጋደማላችሁ። ያኔ የኋላ እግራችሁ ጭን መቃጠል ይጀምራል። ምሳ ሳይደርስ ትቀመጣላችሁ።

የፓውደር ቦርድ ይህንን የሚፈታው በቅርጹ ነው። አፍንጫው ረጅምና ሰፊ ሆኖ ቀደም ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ይህን መነሳት ሮከር ይሉታል። ጅራቱ ደግሞ ከአፍንጫው ይጠባል። ልዩነቱ 1 ሳንቲሜትር ሊሆን ይችላል፤ 2 እና ከዚያ በላይ የሚሆንበትም አለ። ጠባቡ ጅራት ሲሰምጥ ሰፊው አፍንጫ ይንሳፈፋል። ማሰሪያው የሚገጠምበት ቦታም ከመሃል ወደ ጅራቱ ተገፍቷል። ስለዚህ ሳትጋደሙ ክብደታችሁ ራሱ ቦታውን ይይዛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሙሉ ለሙሉ ሮከር የሆነ ቦርድ አትጠይቁ። ቀኑን ሙሉ ፓውደር ላይ ብቻ የሚውል ሰው የለም። ሰው ወደ ተራራው ወደሚያወጣው ሊፍት የምትመለሱት በተረገጠ፣ በጠነከረ በረዶ ላይ ነው። ከኋላው እግር ሥር ካምበር የሚሉት ቅስት ካለው እዚያ ላይ ጠርዙ ይነክሳል። ከሌለው እየተንሸራተታችሁ ነው የምትደርሱት።

የተሰነጠቀው ጅራት ለጌጥ የመጣ አይደለም፣ ለገሀሬ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ዩታ ውስጥ ዲሚትሪዬ ሚሎቪች ዊንተርስቲክ የሚባሉትን ቦርዶች ሲሠራ ከሰርፍ ቦርድ የወሰደው ሐሳብ ነው። ስንጥቁ ጅራቱን ቶሎ ያሰምጠዋል። ግን ብዙዎቹ ረዘም ያሉ ናቸው። ክፍት ተራራ ላይ በፍጥነት ለሚወርድ፣ ለለመደ ሰው ይሆናሉ። ገና ለሚማር ልጅ አጭርና ሰፊው ይሻላል። ርዝመቱን ቀንሰው ወገቡን፣ ማለትም የመሃሉን ስፋት፣ ያሰፉታል። በረዶው ላይ የሚያርፈው ቦታ ብዙ ሳይቀንስ ቦርዱ ቶሎ ይዞራል። እንዲህ ዓይነቱን ከተለመደው ርዝመታችሁ ከ3 እስከ 6 ሳንቲሜትር አሳጥራችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

ደግሞ ፕሮፖዛሉ ላይ አልታ የሚባለውን የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ እንዳትጽፉ። ስሙም በረዶውም ትልቅ ነው፤ ግን ስኪ ብቻ ነው የሚያስገቡት። ስኖውቦርድ የያዘ ሰው ይመለሳል። ስኖውበርድ የሚባለው ጎረቤቱ ያስገባል። ብራይተንም ያስገባል።

ዋጋ፦ አዲስ ከሆነ ከ500 እስከ 800 ዶላር አካባቢ። ማሰሪያውና ቦት ጫማው ለብቻ ነው።

መጋላ (ገንዘብ ያዥ)
ወላሂ? በዛሬው ምንዛሪ አስሉትማ። ራምፑ ላይ ሁለት ፕላይውድ ተነስቶ ልጆቹ እየዘለሉት ነው የሚጫወቱት። በዚህ ገንዘብ ስንት ፕላይውድ ይገዛል? ጉዞውን አልቃወምም። ግን አሠልጣኞቹ ለጥቂት ሳምንት ለሚጠቀሙበት ቦርድ መግዛት አልገባኝም። ሱቅ አያከራይም እንዴ?

ጋሼ (አናጢው)
እኔ የማልገባበት ነገር ነበር፣ ግን ልጠይቅ። ይሄ ዕቃ እንጨት ነው አይደል? ራምፑን ሠርቼ የለ? ለምን እኔ አልሞክረውም?

ሳቢያን
ጋሼ፣ አንተ ብትሠራው ደስ ይለኛል። ውስጡ እውነትም እንጨት ነው። ፖፕላር፣ ፖሎኒያ፣ አንዳንዴ ቀርከሃ። ችግሩ ሌላው ነው። ከላይና ከታች ፋይበርግላስ በኢፖክሲ ሙጫ ይለጠፍበታል። ዙሪያውን ቀጭን የብረት ጠርዝ ይገባለታል። ሥሩ ፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ ነው። ሁሉም በአንድ ላይ በማተሚያ ይጨመቃል፤ ቅስቱን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ማተሚያው ነው የሌለን።

ጋሼ (አናጢው)
የመጀመሪያውም ሰው ማተሚያ ነበረው?

ሳቢያን
ይህቺ ጥሩ ጥያቄ ናት። አልነበረውም። ሸርማን ፖፐን የሚባል የሚሺጋን ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለት ስኪ አጣብቆ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ሠራላቸው። በኋላ ስነርፈር ተብሎ በብዛት ተሸጠ። ግን ማሰሪያም የብረት ጠርዝም አልነበረውም። አፍንጫው ላይ ገመድ ነበር፣ እሱን ይዞ መውረድ ነው። የኛን ልጆች በሱ ወደ ስኖውበርድ ብንልካቸው ሊፍቱም አያስገባቸው።

ጋሼ (አናጢው)
እሺ። ግን ሲመለሱ መለኪያውን ይዘውልኝ ይምጡ።

ለገሀሬ
ሌላ ጥያቄ። ልጁ ቀኝ እግሩን ነው የሚያስቀድመው፣ ልጅቷ ግራዋን። አንድ ቦርድ ለሁለቱ ይሆናል?

ሶልት ሌክ
ለዚያ ይሆናል። ፊቱና ኋላው ነው የሚለያየው፣ ግራና ቀኙ አንድ ነው። ማሰሪያውን በመፍቻ ፈትቶ አቅጣጫውን መቀየር ነው። አንዳንድ ቦርዶች የተረከዙና የጣቱ ጎን ሆን ተብሎ ተለያይቶ ይቆረጣል፤ የነዚያ ነገር ሌላ ነው። እነሱን አንጠይቅም።

የሚከብደው እግሩ ነው። ልጅቷ 38 ታደርጋለች፣ እሱ 43። የቦርዱ ወገብ ለሱ ከጠበበ ጣቱና ተረከዙ ወጥቶ በጠንካራው በረዶ ላይ ይጎተታል፣ ይጥለዋል። ለሱ የሰፋው ደግሞ ለሷ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መገልበጡ ይከብዳታል። ፓውደር ውስጥ ይህ ብዙም አይታወቅም። እንዲያውም ቀላል ሰው ሰፊ ቦርድ ላይ በደንብ ይንሳፈፋል። ግን ዛፍ መሃል በፍጥነት መዞር ሲኖርባት ትደክማለች።

ሳቢያን
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሁለቱም በረዶ ረግጠው አያውቁም። ስኬት ላይ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ እዚያ እግራቸው ይታሰራል። ስኬት ላይ ሲበላሽብህ ዘለህ ትወርዳለህ። እዚያ መውረድ የለም። የመጀመሪያውን ሰሞን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ለጀማሪ በሚሆን ለስለስ ያለ የኪራይ ቦርድ፣ ከአስተማሪ ጋር ይዋሉ። ፓውደሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የሚቀጥለውን ረቂቅ ከዚህ እንጀምር።

ከፍታውንም አትርሱ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። የስኖውበርድ ጫፍ 3,350 ይደርሳል። ቀስ ብለው ይልመዱት።

መጋላ (ገንዘብ ያዥ)
በዚህ እስማማለሁ። መከራየት ካለ፣ መግዛቱ ለምን እንዳስፈለገ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉልኝ። ካልቻላችሁ ይቅር።

ሶልት ሌክ
ልሞክር። የፓውደር ቦርድ በሙከራ ኪራይ ይገኛል፣ ከተራው ኪራይ ይወደዳል። በረዶ የወረደ ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚፈልገው፤ ጠዋት ስትደርስ አልቆ ታገኘዋለህ። በየዓመቱ ሁለት ሁለት ልጅ የምንልክ ከሆነ አንድ የክበቡ ቦርድ እኔ ጋ ቢቀመጥ ገንዘቡን ይመልሳል። ጥያቄው ከዘንድሮ በኋላም ትልካላችሁ ወይ ነው።

ከዚራ (ሰብሳቢ)
እንልካለን። ውጭ ያሉት ሦስት ዓመት ብለዋል። ቃላቸውን ረቂቁ ላይ አስገባዋለሁ፣ እንዳይረሱት።

ለገሀሬ
ቦርዱ ወደ ድሬ አይመጣም ማለት ነው? ደቻቱ አሸዋ ላይ አንዴ ልንሞክረው አስቤ ነበር።

ሳቢያን
ሥሩ ፕላስቲክ ነው አላልኩም? አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። ደግሞ ደቻቱ ቁልቁለት አለው እንዴ? እዚያው ይቀመጥ። ሰም ተቀብቶ፣ ጠርዙ ደርቆ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ። የኛ ሙቀት ለሙጫውም አይመቸውም።

መጋላ (ገንዘብ ያዥ)
እንግዲያው አዲስ አይገዛ። ያገለገለ፣ ወይም ያለፈው ዓመት ሞዴል።

ሶልት ሌክ
ልክ ነህ። የበረዶው ወቅት ሊያልቅ ሲል ሱቆቹ ዋጋ ይቀንሳሉ። ግን ልጆቹ የሚመጡት በጥር ነው፣ እስከዚያ መጠበቅ አይቻልም። ያገለገለ እፈልጋለሁ። ሥሩ እስከ እንጨቱ ያልተቦረቦረ፣ ጠርዙ ያልተሰነጠቀ፣ ንብርብሩ ያልተላቀቀ መሆኑን ራሴ አያለሁ። የዚህን ኩባንያ፣ የዚያን ኩባንያ ብላችሁ አትጻፉ። በርተን፣ ጆንስ፣ ኬ ቱ፣ ሊብ ቴክ፣ ሁሉም የፓውደር ቦርድ አላቸው። ስም ከጻፋችሁ እጄን ታስሩኛላችሁ። ቅርጹን ጻፉልኝ። ማሰሪያው ለሁሉም ቦርድ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም እወቁ፤ አንዳንዱ ቦርድ ባለ ቀዳዳ ነው፣ የበርተን ደግሞ መሃሉ ላይ ባለ መስመር ነው። ከቦርዱ ጋር አብሮ የሚገጥም እፈልጋለሁ።

ከዚራ (ሰብሳቢ)
ሁለተኛው ረቂቅ፦

«ክበባችን በሦስት ዓመት ውስጥ በየዓመቱ ጥር ላይ ሁለት አሠልጣኞችን ወደ ዩታ ይልካል። ለዚህም የሚከተለውን እንጠይቃለን። ለመጀመሪያው ሳምንት የጀማሪ ቦርድ ኪራይና አስተማሪ ለሁለት ሰው። ከዚያ በኋላ በጋራ የሚያገለግል አንድ ያገለገለ የፓውደር ቦርድ ከነማሰሪያው፤ ርዝመቱ ከ148 እስከ 152 ሳንቲሜትር፣ ወገቡ ከ25.5 እስከ 26 ሳንቲሜትር፣ አፍንጫው ሮከር፣ ከኋላ እግር ሥር ካምበር፣ ጅራቱ ከአፍንጫው የጠበበ፣ ጥንካሬው መካከለኛ። ቦርዱ ሶልት ሌክ ባለው አባላችን ቤት ይቀመጣል። ለቀለለችው አሠልጣኝ፣ በረዶ በወረደ ቀን ጠበብና አጠር ያለ የፓውደር ቦርድ በኪራይ።»

መግቢያው ላይ ሮቤል ተክለማርያምን ላንሳ? እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ሳቢያን
አንሺው፣ ግን እሱ የአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪ እንደነበር ጻፊ። ስኖውቦርድ አስመስለሽ ከጻፍሽው አንዱ ያውቅና ሌላውንም አያምነንም።

ደግሞ ስለ ደኅንነት ምንም የለም። ሄልሜት የት አለ? ከመንሸራተቻው ክልል ወጥተው ያልተጠበቀ ተራራ ላይ እንዳይሄዱም ይጻፍ። እዚያ ለመውጣት የበረዶ ናዳ ምልክት ሰጪ መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ያስፈልጋል፤ ከዕቃው በላይ ደግሞ ሥልጠናው። ናዳ የቀበረው ሰው ከ10፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይወርዳል። የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ነው፣ አምቡላንስ አይደለም። የኛ ልጆች ለዚያ ገና ናቸው።

ሶልት ሌክ
ክልሉ ውስጥም አንድ አደጋ አለ። ጥድ ሥር፣ ቅርንጫፉ በረዶውን ስለሚከለክለው፣ ግንዱ ዙሪያ ጉድጓድ ይፈጠራል። ከላይ አይታይም። በጭንቅላቱ የገባበት ሰው ብቻውን መውጣት አይችልም። ስለዚህ ዛፍ መሃል ሁለቱ ሳይተያዩ አይወርዱም፤ አንገታቸው ላይ ፊሽካ ይኖራል። ይህን እንደ ደንብ አስገቡት። እኔ እዚህ አስፈርማቸዋለሁ።

መጋላ (ገንዘብ ያዥ)
ሄልሜት ሁለት፣ ፊሽካ ሁለት። እነዚህ ይገዙ፣ አልከራከርም። ሄልሜቱ ግን ወደ ድሬ ይምጣ።

ሳቢያን
የበረዶው ሄልሜት ጆሮ ይሸፍናል። ድሬ ላይ ማን ያደርገዋል?

መጋላ (ገንዘብ ያዥ)
እሺ፣ እዚያው ይቅር። ፊሽካው ይምጣ።

ከዚራ (ሰብሳቢ)
ሁሉንም አስገብቻለሁ። የተሰነጠቀው ጅራት ወጥቷል፣ ለገሀሬ፣ ይቅርታ። አሁን የሚቀረኝ የሁለቱ ትክክለኛ የእግር ልክ በሳንቲሜትር ነው። የጫማ ቁጥር አይበቃም ብሎኛል የሶልት ሌኩ። ነገ ከልምምድ በኋላ ወረቀት ላይ ቆመው በእርሳስ ይለኩና ፎቶውን ይላኩልኝ። ጋሼ፣ ሜትርህን ይዘህ ብትመጣ?

ጋሼ (አናጢው)
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። ፕላይውዱንም በዚያው አየዋለሁ።