የደሴን ቁልቁለት በ1፡87 እንዴት ልሥራው?

የእጅ ሥራ ወዳጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። በሞዴል ባቡር መስመሬ ዳር፣ የደሴ ፒያሳን የሚመስሉ ግድግዳ የሚጋሩ ባለ ቆርቆሮ ቤቶችን በረድፍ ልደረድር ብዬ ተቸገርኩ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ ደሴ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ግን ይወጣል።

1፡87 ማለት ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው ማለት ነው፤ ሐዲዴም 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የ2.10 ሜትር በር 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሒሳቡ አላስቸገረኝም።

ጣጣው ቁልቁለቱ ነው። ወለሉ ከቤት ቤት ዝቅ እያለ ሲሄድ በሮቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። የፊቱን ግድግዳ አንድ ወጥ አድርጌ ልቁረጠው ወይስ ቤቶቹን ለየብቻ ሠርቼ ላስጠጋቸው? ለየብቻ ሲሆኑ መገጣጠሚያው ይከፈታል። 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት በእውነተኛው ቤት 8.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የድመት ግልገል ታልፍበታለች! ካርቶኑም አንድ ፊቱን ቀለም ስቀባው እንደ ደረቀ እንጀራ ይጎብጣል። ሁለቱንም ፊት መቀባት ይበጃል ወይስ ከውስጥ በእንጨት መደገፍ?

ቆርቆሮው ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። የእውነተኛው ሞገድ ርቀት 7.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በሞዴሉ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የዕቃ ካርቶን ሞገድ በጣም ይገዝፋል። የ5 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርስ ርቀቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም እየጫንኩበት ነው፤ መስመሩ ግን ይንሻፈፋል። ቀጥ የሚያደርግ ዘዴ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ከውጭ አስመጣ ብቻ አትበሉኝ።